ማዶ ትዝፈን

የምሠራው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። የተወለድኩት ደግሞ ከወንዙ ማዶ። አፍ ውስጥ ያለ ማስቲካ ጣዕሙ ሳያልቅ ድልድዩን ተሻግረው የሚደርሱበት ሰፈር ነው፤ ሆቴሉ ውስጥ ግን ከሌላ ዓለም የመጣሁ ይመስል ስሜን ትተው «ማዶ» ይሉኛል። እሱስ ይሁን። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ድሮ አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ከሰፈራችን ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የማዶ ሰው ሁሉ ጉሮሮው ማር ነው ተብሎ ተፈረደበት።

«እስቲ ትንሽ አንጎራጉሪልን» ይሉኛል፣ ከተቀጠርኩ ጀምሮ። አልችልም ስል «ትሑት ናት» ይላሉ። እኔ ትሑት! እናቴ ብትሰማ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ ሕፃን ላስተኛ ብዬ ባንጎራጉር ሕፃኑ ከነጎረቤቱ ይነሣል።

የክፍላችን አለቃ እትዬ ናቸው። ወገባቸው ሰፋ ያለ፣ አገጫቸው ድርብ፣ ፊታቸው ፈገግታ የማይለየው ስለሆነ ያያቸው ሁሉ የወጥ ቤት ሰው ያደርጋቸዋል። እንቁላል መጥበስ እንኳ አይሆንላቸውም፤ ቤታቸው የሚያበስሉት ባለቤታቸው ናቸው። ቢሆንም ለሠራተኛ ስጦታ በተሰጠ ቁጥር ለእሳቸው የሚደርሳቸው ድስት ነው።

አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። ጫፍና ጫፉን ይዘን ወጠር፣ ራገፍ እናደርግና እየተጠጋን ጫፎቹን እናገናኛለን። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ወሬ የሚሰማው ስንገናኝ ብቻ ነው። ከእትዬ ጋር ያወራነው ሁሉ እንዲህ ቁርጥራጭ ነው።

«ጡረታ ልወጣ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ጫፉን ሲያቀብሉኝ።

ተራራቅን። ተገናኘን። «መቼ?»

ተራራቅን። ተገናኘን። «ሐሙስ። አደራሽን፣ ደግሞ ድስት እንዳይሰጡኝ» ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው እጥፋት ግን ሳቁ አልነበረም። «ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ምን ስሠራ እንደኖርኩ አንድ ሰው እንኳ ሳይናገርልኝ ልሄድ ነው።»

አንሶላውን እዚያው ጥዬ ደረጃውን ወጣሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«የእትዬን የስንብት ንግግር እኔ ላድርግ።»

«ንግግር?» ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ንግግሩንማ ከረባት ያደርገዋል።»

ከረባት የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ነው። ድምፁ ጎርናና፣ ጫማው መስታወት፤ ከረባቱን ቢያወልቅ አንገቱ የሚወድቅበት ይመስለዋል። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ዓረፍተ ነገር መደርደር የተማርኩት እንግዶች አልጋ ውስጥ ረስተዋቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት ነው። እሱ ግን ምድር ቤት እንኳ ወርዶ አያውቅም።

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ እትዬን አያውቃቸውም።»

«እና? ንግግር ያውቃል። አንቺ ትዘፍኛለሽ፤ በዘፈን ማን ይደርስብሻል!»

«አልችልም።»

«ትሑት!» አለና ስልኩን አነሣ።

ሐሙስ ሁላችንም በሠራተኞች መመገቢያ ተሰበሰብን። ከረባት ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኚህ እናት ለዘመናት ሆዳችንን ሞልተውልናል! የእጃቸው ጣዕም ከምላሳችን አይጠፋም!»

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ማኘኩን አቁሞ ግራ ቀኙን አየ። እትዬ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለዋል፤ ዓይናቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ስጦታ አልተነቀለም። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሁለት ጆሮውን አውጥቶ ተቀምጧል። ድስት ምን ቢሸፋፈን ድስት ነው።

«አሁን ደግሞ ማዶ ትዝፈን!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ጭብጨባው ቀለጠ።

እትዬን አየኋቸው። ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። «እሺ፤ እዘፍናለሁ።»

ዘፈንኩ። ለማበላሸት ብዬ አይደለም፤ ያለኝን ምርጥ ነው የሰጠኋቸው። በመጀመሪያው ስንኝ የሰዉ ፈገግታ ደረቀ። በሁለተኛው ላይ አልጋ አንጣፊዎቹ ተያዩ። ሦስተኛው ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የበሩ ጥበቃ ዱላውን ይዞ እየሮጠ ገባ። «ማነው የተመታው?»

«በቃ! በቃ የኔ እናት፣ ገብቶናል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ኧረ አዝማቹ ጋ ገና አልደረስኩም» አልኩት። «ወይ አዝማቹን እየደጋገምኩ እዘልቃለሁ፣ ወይ ሁለት ቃል እናገራለሁ። እንደ ፈቀዱ።»

«ተናገሪ! በፈጠረሽ ተናገሪ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

«እትዬ ለሆዳችን ያደረጉልን ነገር የለም» ብዬ ጀመርኩ። «ይህም ራሱ ውለታ ነው፤ አንድ ቀን ያበሰሉትን ቀምሼ አውቀዋለሁ።» እትዬ በሳቅ ጠረጴዛውን መቱ። «እሳቸው የልብስ ማጠቢያው አለቃ ናቸው። እዚህ ቤት የሚተኛ እንግዳ ሁሉ የሚተኛው በእጃቸው ባለፈ ነገር ላይ ነው። አንሶላ ደግሞ ብዙ ይናገራል። እሳቸው ከአንሶላ የሰሙትን አንድም ቀን ለሰው አልደገሙም።» እዚህ ላይ ከረባት ሳል ያዘው። «እኔ አዲስ ስመጣ ጫፉ እያመለጠኝ አንሶላው ሁሉ መሬት ይወድቅ ነበር። አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ አንሥተው እንደገና ያጥቡት ነበር። ድስቱን መልሱ። እኛ ታች ወንበር የሚባል የለንም፤ እኚህ ሴት ዘመናቸውን ሙሉ የሠሩት ቆመው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ ዞረ። «እውነት ወንበር ይሻልዎታል?»

«መደገፊያ ያለው» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ባለቤቴ ሲያበስል ቁጭ ብዬ የማይበት።»

ድስቱ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆነ። ጥበቃው ከላይ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ተሸክሞ ወረደ፤ የሥራ አስኪያጁ የራሱ እንደሆነ እሱ ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ሰው ሲበተን እትዬ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ያዙና ሌላውን ለእኔ ወረወሩልኝ። ወጠርን፣ ተጠጋን።

«ድምፅሽ የጉድ ነው» አሉኝ።

ተራራቅን። ተገናኘን። እጄን ከነጨርቁ ጨበጥ አደረጉት።

ከረባት ከኋላ መጣ። «ድሮም እኮ የማዶ ሰው ንግግር በደሙ ነው! ወንድሜ ሊያገባ ነው፤ መቼም እዚያ አንቺ ትናገሪልናለሽ።»

«ንግግር? ኧረ እኔ አልችልም» አልኩት። «ዘፈን ከሆነ ግን ደስ እያለኝ።»

በዚህ ጊዜ ትሑት ናት ያለኝ የለም።