የኤልናታን የነፍስ ድንጋይ

ኤልናታን ከሞተ ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ እናቱ አልማዜ ከቦንጋ መጡ። ርሆቦት ከሥራ አስፈቅዳ አየር ጤና መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ተቀበለቻቸው። አልማዜ ከአውቶቡሱ እንደወረዱ የልጃቸውን ሚስት አቅፈው ሲያለቅሱ፣ እሷ ጆሮዋ የታክሲ ረዳቱ ጋ ነበር። «ቤቴል! ቤቴል! ሁለት ሰው!» ይላል። ሁለት ሰው ነን፣ ብላ አሰበችና ሻንጣቸውን አንስታ ወደ ታክሲው ሄደች።

ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንዲህ ናት። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ደም ትቀዳለች፣ ውጤት ትጽፋለች፣ «ነገ ተመለሱ» ትላለች። ለቅሶ የደረሷት ሁሉ «ጠንካራ ነሽ» ብለዋት ሄደዋል። ጠንካራ አልነበረችም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መንጋጋን የሚያደነዝዘው መርፌ ሰውነቷን ሁሉ ያዳረሰው ነው የሚመስላት። ኤልናታን አንድ ሐሙስ ደረቴን አመመኝ ብሎ ከኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ወጣ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ይህንን ለሚጠይቃት ሁሉ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ታነበዋለች።

አልማዜ በመጡ በሦስተኛው ቀን የልጃቸውን ልብሶች ማጣጠፍ ጀመሩ። ሸሚዞቹን ለቤተ ክርስቲያኑ ችግረኞች፣ ጫማዎቹን ለታናሽ ወንድሙ ለዩ። ርሆቦት የሚሉትን ሁሉ እሺ እያለች ከረጢት ያዘችላቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር አዩት።

«ይቺንስ ለቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ብንሰጣት? ወጣቶቹ ይጠቀሙባታል።»

«አይሆንም» አለች ርሆቦት።

ሁለቱም ደነገጡ። ከቀብሩ ወዲህ ማንንም እምቢ ብላ አታውቅም።

«ለምን ልጄ?»

«ውስጡ የኤልናታን ሰው አለ።» ነገሩ እንዳልገባቸው ፊታቸው ላይ ስታይ ወንበር ሳበችላቸው። «ይቀመጡ እማማ፣ ላሳይዎት።»

ኤልናታን ያን ኮምፒውተር ደንበኞች ከጣሉት ዕቃ ነበር የገጣጠመው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ተጫወተበት፤ ሰይፍ፣ ዋሻና አስማት ያለበት። እሷ ልብስ ስትተኩስ አጠገቧ ሆኖ ሕጉን ሁሉ ያስረዳት ነበር። «እ» እና «እሺ» ከማለት በቀር የሰማችው አይመስላትም ነበር። ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ ጨዋታውን ከፈተችው። ለካ አንድም አልረሳችም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እራት እስኪደርስ ትጫወታለች። ጨዋታው ምን ተሰማሽ ብሎ አይጠይቅም።

ጨዋታውን ከፈተችላቸው። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ጺሙን ያሳደገ፣ ካባ የለበሰ ሰውዬ ቆሟል። አልማዜ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ነው?»

«እሱ የሠራው ሰው ነው። ጉንጩን፣ አፍንጫውን ሁሉ ራሱ መርጦ ነው የሠራው።»

«እስቲ አስኪጂው።»

አስኬደችው። አልማዜ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «ምን ይሠራል ሲውል?» አሉ።

«ሰይፉ ላይ ኃይል ያሳድራል። እሳት ሊሆን ይችላል፣ በረዶም። ግን ኃይሉ እንደ ስልክ ቻርጅ ያልቃል። ለዚያ ነፍስ ያስፈልገዋል።»

«ነፍስ?»

«የአውሬ፣ የጭራቅ። መጀመሪያ የማጥመጃውን ድግምት ይወረውርበታል። አውሬው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሞተ፣ ነፍሱ ቦርሳው ውስጥ ያለ ባዶ ድንጋይ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ድንጋዩን ወስዶ እዚህ የአስማት ጠረጴዛ ላይ ያደርገዋል። ድንጋዩ ይፈርሳል፣ ኃይሉ ወደ ሰይፉ ወይም ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል።»

«ነፍስ የእግዚአብሔር ናት፣ ርሆቦት።»

«ጨዋታ ነው እማማ።»

«ጨዋታም ቢሆን።» ግን ከወንበሩ አልተነሡም። በጣታቸው መስኮቱን ነኩት። «ይሄስ፣ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

ርሆቦት የቦርሳውን ዝርዝር ገለጠች። ትልቁ የነፍስ ድንጋይ ነበር፤ የዘንዶ ነፍስ የሚችል ዓይነት። ከሥሩ ውስጡ ያለው ተጽፏል።

«ፍየል ናት» አለች።

«ምን?»

«ውስጡ ያለችው የፍየል ነፍስ ናት። አንድ ቅዳሜ ድግምቱን ሊለማመድ መንገድ ላይ ያገኛት ፍየል ላይ ወረወረው። ትንንሾቹ ድንጋዮች አልቀውበት ነበር ለካ። ትልቁ ውስጥ ገባች። ጭንቅላቱን ይዞ ቤቱን ሲዞር ነበር የዋለው። የሚቆጠረው የነፍሷ ትልቅነት ነው እንጂ የድንጋዩ አይደለም። አንዴ ከገባች ደግሞ ካልተጠቀሙባት አትወጣም።»

አልማዜ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ርሆቦት ያለቀሱ መስሏት ነበር፤ ሳቃቸው አምልጧቸው ነው።

«ሰባት ዓመቱ ሆኖ» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ሩብ ሊትር ዘይት ግዛ ብዬ ላክሁት። ጠርሙሱን ትቶ የውኃ ጀሪካኑን ይዞ ሄደ፤ ሃያ ሊትሩን። ዘይቱ ጎን ጎኑ ላይ ተለጥፎ አልወጣ አለኝ። ሦስት ቀን ዘቅዝቄው ሰነበትሁ።» ሳቁና በዚያው አለቀሱ። ርሆቦት ጀርባቸውን ዳሰሰች። የራሷን ዓይን ጠበቀችው፤ ደረቅ ነበር።

አልማዜ ፊታቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ይሄን ይዞት ነው የሚዞረው?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ብዙ አይገኝም። ለፍየል ማፍረሱ አሳዘነው መሰለኝ።»

«እስቲ አድርጊው።»

«ይፈርሳል እኮ።»

«ይፍረስ። እንዴት እንደሚሆን ልየው።»

ርሆቦት እጇን ማውሱ ላይ አደረገች። እሱ የተወውን መንካት ሊከብዳት ይገባ ነበር፤ ክብደቱን ፈለገችው፣ አጣችው። ሰውዬውን ወደ አስማቱ ጠረጴዛ ወሰደችው። ከቦርሳው አንድ ተራ የብር ቀለበት፣ ከኃይሎቹ ዝርዝር ደግሞ ብርድ መከላከያውን መረጠች። የመከላከያው መጠን ከመቶ ሁለት አለ። ተጫነችው። ብርጭቆ እንደተሰነጠቀ ያለ ድምፅ ተሰማና ድንጋዩ ከዝርዝሩ ጠፋ።

«አለቀ?» አሉ አልማዜ።

«አለቀ።» ቀለበቱን ሰውዬው ጣት ላይ አደረገችለት።

«አሁን አይበርደውም?»

«ትንሽ ነው የሚቀንስለት። ይበርደዋል።»

አልማዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሁለተኛ አላነሡም። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ ርሆቦት ከሥራ ስትገባ ሁለቱን ወንበሮች አዘጋጅተው ይጠብቋት ጀመር። ተኩላ ሲመጣ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሰውዬው ወንዝ ሲሻገር ግን «ቀስ» ይላሉ።

በሳምንቱ ተመለሱ። ቦንጋ በገቡ በሁለተኛው ቀን አመሻሹ ላይ ደወሉ።

«ሰውዬው የት ደረሰ?»

«ዛሬ አልከፈትሁትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው የገባሁት።»

«አንቺስ?»

ደህና ነኝ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። «ምንም አይሰማኝም እማማ» አለች። «ከሞተ ጀምሮ ምንም።» ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

አልማዜ አልገሠጿትም፣ ጸልዪም አላሏት።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ነገ እደውላለሁ።»

በማግስቱ ደወሉ።