ሩብ ክኒን

"ትንፋሽሽን ያዢ የኔ ቆንጆ… ጎበዝ! አሁን ልቀቂ።"

ዶክተሯ መሣሪያውን በልጅቷ ደረት ላይ እያንሸራተተች ስክሪኑን ታያለች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ይኮማተራል፣ ይለጠጣል። የልጅቷ የድንቢጥ ልብ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጨርቅ በቀር ሌላ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚያየው የዶክተሯን ፊት ብቻ ነው። ፊቷ ደግሞ እየጠቆረ መጥቷል።

"ቀኝ ልቧ ከባለፈው ሰፍቷል፤ ጉልበቱም ቀንሷል" አለች በመጨረሻ። "የሳንባዋ ደም ሥሮች ጠበዋል ብያችሁ የለ? ልቧ በዚያ ጠባብ መንገድ ደም ለመግፋት ሲታገል ደክሟል። መድኃኒቱ መንገዱን ከፈት ማድረግ ነበረበት። በትክክል ትወስዳለች?"

"ኧረ ዶክተር! አንድም ቀን አቋርጠን አናውቅም" አለች እናትየው። "እሱ ራሱ በምላጭ ይቆርጥላታል፣ እኔ በቀን ሦስቴ እሰጣታለሁ። ከዋሸሁ ልጄን ይንሳኝ!"

ልብስ ሰፊው መሐላዋን ሲሰማ "እንዲህ አትማይ" ሊላት ፈልጎ ተወው።

"እንግዲያው መድኃኒቱ አልሠራላትም" አለች ዶክተሯ። "እናስተኛታለን። በደም ሥር የሚሰጥ ጠንከር ያለ መድኃኒት እንጀምራለን። ጣጣው ብዙ ነው፤ ግን ሌላ ምርጫ አይታየኝም።"

መድኃኒቱማ ይሠራ ነበር። ያልሠራው ሰውየው ነው።

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው "ጨዋው" ይለዋል። በሱቁ ደጃፍ ብልግና የሚያወሩ ጎረምሶችን "ሂዱ ወዲያ! አፋችሁን ታጠቡ!" እያለ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው። በዚህ ስሙ ይኮራል፤ ምን ይደብቃል፣ በጣም ይኮራል። ታዲያ ለልጁ የታዘዘላት ሰማያዊ ክኒን፣ ወንዶች ለሌላ ጉዳይ በሹክሹክታ የሚገዙት ያው ክኒን ሆኖ ተገኘ። ለሕፃን ሳንባ እንደሚሆን የሰፈሩ ሰው ከየት ይወቅ? ከሱቁ አጠገብ ያለው ፋርማሲ ገብቶ የመድኃኒቱን ስም ሲጠራ ከኋላው የተሰለፈው ሥጋ ሻጭ ሰማ።

"አይ ጨዋው! ሁለተኛ ልታገባ ነው እንዴ?"

"ለልጄ ነው። ለድንቢጥ።"

"ጉድ ፈላ! ደግሞ በልጅ ያሳብባል!" ሥጋ ሻጩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ወረፋ የያዘውም ሁሉ አጀበው። ወሬው ለጎረምሶቹ ሳይደርስ አልቀረም፤ ልብስ ሰፊው ባለፈ ቁጥር "እህ! እህ!" እያሉ ይስሉበት ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ከማያውቀው ሩቅ ሰፈር እየሄደ ይገዛ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ሥራ በዛና መሄጃ አጣ። እስክሄድ ድረስ ብሎ የታዘዘላትን ግማሽ ክኒን እንደገና ለሁለት ከፈላት። ድንቢጥ ምንም አልሆነችም፤ ወይም እሱ ምንም ያልሆነች መሰለው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሩቧ ልማድ ሆነች። ሚስቱ "ምነው አነሰች?" ስትለው "ፋብሪካው ተቀይሮ ነው፤ ኃይሏ ያው ነው" አላት። አመነችው። ጨዋው ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀውን ምን እንደሚሉት እንጃ።

"አባዬ" አለች ድንቢጥ ከአልጋው ላይ። ከንፈሯ ጠቆር ብሏል። "እኔ እኮ ክኒኔን አልተፋሁም። እማዬን ጠይቃት።"

ይሄኔ አልቻለም።

"ዶክተር፣ መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም" አለ። "ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ግማሽ መቁረጥ ሲገባኝ ሩብ ነው ስቆርጥ የከረምኩት።"

ሚስቱ ዞራ አየችው። "ምን አልክ አንተ?"

"መግዛቱን… አፈርኩ።"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንዴት ያለች ኢምንት ነገር እንደሆነች ራሱም ሰማት። ለዚህች ብሎ ነው! አንገቱን ደፋ።

ዶክተሯ ምን እንዳሳፈረው መጠየቅ አላስፈለጋትም። "እርስዎ የመጀመሪያው አባት አይደሉም" አለች፤ ድምጿ ግን የማጽናናት አልነበረም። "ዝም ቢሉ ኖሮ ልጅቷን ለማያስፈልጋት ሕክምና እዳርጋት ነበር። አሁኑኑ ትክክለኛውን መጠን ትውሰድ፣ ውላ እናያታለን። በሳምንት ደግሞ ትመልሷታላችሁ። ልቧ እንደ ቀድሞው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።"

ወደ ማታ ማዘዣ ይዘው ወጡ። በታክሲው ውስጥ ድንቢጥ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

"እኔ በልጄ ምዬ ነበር" አለች ሚስቱ መስኮት መስኮቱን እያየች።

ብትጮህበት፣ ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ሰፈር ሲደርሱ ፋርማሲው ሰው ሞልቶታል። ጎረምሶቹ ደጃፉ ላይ ናቸው፤ ሥጋ ሻጩም ሆን ብሎ የጠበቀው ይመስል እዚያው አለ። ሚስቱ እጇን ዘረጋች።

"ማዘዣውን አምጣ። እኔ እገዛዋለሁ።"

"አይሆንም" አላት። "እዚሁ ጠብቁኝ።"

ገባ። ወረፋ ያዘ። ተራው ሲደርስ የመድኃኒቱን ስም ድምፁን ሳይቀንስ ጠራ።

"ጨዋው! አሁንም አልበቃህም?" አለ ሥጋ ሻጩ፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

"ለልጄ ነው" የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዋጣት። አንዴ ስሙን በልጁ ጤና ኪሳራ ጠብቋል፤ ዛሬ ደግሞ በሽታዋን ምክንያት አድርጎ ሊጠብቀው አልፈለገም። ይሳቁ።

"የወሩን ሙሉ ስጠኝ" አለው ፋርማሲስቱን። "በየወሩም እመጣለሁ።"

ፋርማሲስቱ አዘነለት መሰለኝ፣ ከባንኮኒው ሥር ጥቁር ፌስታል አወጣ። "ጋሼ፣ እንዳይታይ በዚህ ልጠቅልልልዎት?"

"ተወው፤ እንዲሁ ስጠኝ።"

ሰማያዊውን ካርቶን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ጎረምሶቹ "እህ! እህ!" እያሉ ሳሉበት። በመሀላቸው አልፎ ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ ሄደ።