የጋቢናው ድምፅ

የዓይን ሐኪሟ በጥር ወር ታውኖን መንጃ ፈቃዱን እንዲመልስ ካደረገችው ወዲህ ሰውየው አዲስ ሥራ ይዟል። ጠዋት ገንፎውን ይበላል፣ ካፖርቱን ይደርባል፣ ጋራዥ ይገባና ከአሮጌው ቮልቮ መሪ ኋላ ተቀምጦ የታንጎ ዘፈን ይከፍታል። ሞተር አያስነሳም። ባትሪው እንዳይሞትበት ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር አያይዞታል። እስከ ምሳ እዚያው ነው። ከምሳ በኋላም እዚያው ነው። መኪናዋ አትነቃነቅ፣ እሱም አይነቃነቅ!

ዓይኑ ጨርሶ አልጠፋም። ዳር ዳሩን ደህና አድርጎ ያያል፤ መሃሉ ላይ ግን ጥቁር ነገር ተደንቅሮበታል። ፊት ለፊት የሚያየውን ሰው ፊቱን ይሸፍንበታል፣ ጆሮና ጆሮውን ብቻ ይተውለታል። በዚህ ዓይን እንደማይነዳ ራሱም ያውቃል፣ ከሐኪሟ ጋር አልተከራከረም። የተከራከረው ከሚስቱ ከኢርሜሊ ጋር ነው፤ «እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ጋቢና ትቀመጣለህ» ብትለው።

«ጋቢና? እኔ? በገዛ መኪናዬ?»

«እኔስ ሠላሳ ስምንት ዓመት የት የተቀመጥኩ መሰለህ? ጣሪያው ላይ?»

ይህን ተባብለው ተኮራረፉ። የታውኖ ኩርፊያ ደግሞ የዋዛ አይደለም፣ የዚያን አገር በረዷማ ክረምት የሚያሻግር ነው።

መኪናዋን እንዲህ ቢሳሳላት አይፈረድበትም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የለፋው ለድምፅዋ ነው። በሮቿን ገንጥሎ በወፍራም ጨርቅ ጠቅጥቋቸዋል፣ ስፒከሮቹን በሚሊሜትር እያዞረ ሰክቷል። ከጋቢናው ፊት ለፊት ያለው ኪስ ውስጥ ድምፅ የሚያመጣጥነውን ኢኳላይዘር አስገብቷል፤ ሁለት ረድፍ ትንንሽ ተንሸራታች ቁልፎች፣ አንዱ ረድፍ ለግራው ስፒከር፣ አንዱ ለቀኙ። አንዷን ቁልፍ በፀጉር ስፋት ከፍ ለማድረግ አንድ ሳምንት ያሰበበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ ሁሉም ልክ ሲመጣለት እንዳይነቃነቁ እያንዳንዳቸው ላይ የኢርሜሊን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረገባቸው። ለጥፍር ቀለሙ ይቅርታ አልጠየቀም። ሦስት ጊዜ ሴይናዮኪ ከተማ ወደሚደረገው የመኪና ድምፅ ውድድር ወስዶ አወዳድሯት ሦስት ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። እዚያ ዳኞቹ ተራ በተራ እየገቡ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ነጥብ ይጽፋሉ፣ ይወርዳሉ። ስለዚህ ሁሉ ነገር የተለካው ለዚያ ወንበር፣ እዚያ ለሚቀመጠው ጭንቅላት ነው።

የዚያ አገር በጋ የሚጀምርበት ሰኔ ሲገባ ኢርሜሊ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስማኝ ታውኖ፣ የሐይቁ ዳር ጎጆአችን ከመስከረም ጀምሮ እንደተዘጋች ናት። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ትመጣለህ ወይ ብዬ ደግሜ አልጠይቅህም። ካልመጣህ ግን በጋውን ሙሉ እዚያው ነኝ፤ አንተም ከጋራዥህ ጋር ተጋባ።»

ቀልዷን እንዳልሆነ ገባው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሲቆዝም ዋለ። አንድ በጋ ያለ እሷ እንዴት እንደሚያልፍ ሊያስበው ሞከረና አልሆነለትም። ያም ሆኖ አርብ ጠዋት ሲነሳ እልሁ በለጠበት፤ «አልሄድም» ብሎ ቆርጦ ወደ ጋራዡ ወረደ።

ሲገባ ታንጎው ተከፍቷል። ወንበሩ ላይ ሰው አለ።

ኢርሜሊ ነበረች። መኪናዋን ልታወጣ ገብታ ቁልፉን ስታዞር ዘፈኑ እሱ ትናንት ካቆመበት ቀጠለ፣ እሷም እጇን መሪው ላይ እንደጫነች ቀረች። እሱ እንደዚያ የሠራትን መኪና ከዚያ ወንበር ሆና ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ውረጂ» አላት ታውኖ በመስኮቱ።

ወደሱ እንኳ አልዞረችም።

«ውረጂ እኮ ነው የምልሽ፣ አንቺ ሴት!»

ደሙ ፈላ። በወዲያኛው በኩል ዞሮ የጋቢናውን በር ከፍቶ ዘው አለና በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው፤ ሊጮህባት። ግን አፉን ሳይከፍት ክው ብሎ ቀረ።

ዘፋኟ ጆሮው ሥር ቀኝ በሩ ውስጥ ገብታ ትጮሃለች። ቫዮሊኖቹ እሷው ላይ ተደራርበዋል። አኮርዲዮኑ እንደ መርፌ ይወጋል፣ ወፍራሙ ቤዝ ደግሞ ከእግሩ ሥር ያጓራል።

«ስፒከሩ ተበላሽቷል! ምን ነካሽብኝ?»

«ምንም አልነካሁም። እዚያ ወንበር ላይ ሁሌም እንደዚህ ነው።»

«ሁሌም?»

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ኢርሜሊ ወደሱ ዞራ። «ነግሬሃለሁ እንጂ! ጆሮዬን ወጋኝ ስልህ ‹ከዚህ ሲሰማ ልክ ነው› አልከኝ። ስደግምልህ ‹ጆሮሽን ታየው› አልከኝ። ሄጄ ታየሁ እኮ! ጆሮዬ ደህና ነው።»

ታውኖ አንድ ነገር ትዝ አለው። መንገድ ሲሄዱ ሁልጊዜ ጭንቅላቷን ወደሱ ትከሻ አስጠግታ ነበር የምትቀመጠው። ይህ በልቡ ሲኮራበት የኖረ ነገር ነው።

«እንግዲያ ወደኔ የምትጠጊው…»

«ከበሩ ልሸሽ ነዋ!» አለች። ፊቱን አይታ አንጀቷን በላት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ ላይ ነው እሱ። ኋላ ላይ ለመደብኝ።»

ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች። ስታለቅስ እንደነበር ያኔ ነው ያወቀው።

«አንተ ይሄን ነው እንዴ ስትሰማ የኖርከው? ዘፋኟ እኮ እዚህ ፊቴ ቆማለች። ትንፋሿን ስትስብ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ጋራዥ ስትውል አበደ ብዬህ ነበር። በል አሁን ቀበቶህን እሰር።»

አሰረ። ለምን እንዳሰረ አትጠይቁኝ፤ ሰውየው እፍረት ይዞታል፣ እንዳፈረ ሳይነቃ ጋራዡ ኋላቸው ቀረ።

መንገድ ላይ ያለችው ያላስያርቪ እስኪደርሱ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ጆሮው ግን አልቻለም። እጁን ከፊቱ ወዳለው የመኪናዋ ኪስ ሰዶ ቁልፎቹን መዳሰስ ጀመረ፤ ቀዩን ጠብታ አንድ በአንድ በጣቱ ያውቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የግራውን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማገላበጥ። አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያኔ ዘፋኟ እሱ ፊት ትቆማለች።

በሩ ውስጥ የሚጮኸው ግን ለኢርሜሊ ይሆናል። እንደገና።

ቀና ብሎ መንገዱን አየ። መንገዱ መሃል ላይ ያው ጥቁሩ ነገር አለ። በግራ ዓይኑ ጠርዝ ግን ኢርሜሊ ነበረች፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ምንም ሳይሸፍናት። ከጥር ጀምሮ ፊት ለፊት ሲያያት ፊቷን አጥቶት ነበር፤ ጋቢና ተቀምጦ ወደፊት ሲያይ ግን ሙሉ ፊቷ መጣለት። ከዘፋኟ ጋር አብራ ታዜማለች። ዜማው አይሆንላትም፣ ድሮም አይሆንላትም፣ ግን ደስ ብሏታል።

«አቁሚ» አላት።

«ታውኖ፣ ልመለስ ብትለኝ እዚሁ ጥዬህ ነው የምሄደው።»

«አቁሚ ነው ያልኩሽ። ቢላዋ ይዘሻል?»

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጥግ ያዘች፣ ከምግቡ ቅርጫት የአይብ ቢላዋውን አወጣች። «ለምንህ ነው?»

«ቀለሙን ፋቂልኝ። እኔ ስለማላየው ቁልፉን እንዳልቆርጠው።»

ኢርሜሊ ቢላዋውን እንደያዘች አየችው። «ዋንጫ ያመጣልህ እኮ ነው። አንዴ ከተነካ መልሰህ አታገኘውም።»

«አላገኘውም» አለ ታውኖ። ቀዮቹን ጠብታዎች ለመጨረሻ ጊዜ በጣቱ ዳሰሳቸው። «ፋቂው። ከዚያ እኔ አንድ አንዷን እነካለሁ፣ አንቺ እዚያ የሚሰማሽን ትነግሪኛለሽ። የምትዪውን እሰማለሁ።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሏት አያውቅም።

ሥራው ቀላል አልሆነም። ኢርሜሊ የሙያውን ቃል አታውቅም፤ «እዚህ ጋ የድስት ክዳን ወደቀ» ትላለች፣ ታውኖ ቀጭኑን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። «አሁን ደግሞ ጉንፋን ያዛት» ትላለች፣ መሃለኛውን ያቃናል። እሱ «ልክ ነው» ሲል እሷ «ለማን?» ትለዋለች። ሁለት አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ የሁለተኛው ሾፌር ይሳፈሩ ይሆን ብሎ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው፣ ኢርሜሊ በእጇ ሸኘችው። ያንን ታንጎ አስራ ሰባት ጊዜ ሰሙት። ዳኛ ቢገባ ያን ቀን ዋንጫ አይሰጥም፣ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። ግን ከበሩ ውስጥ የሚጮኽ ሰው አልነበረም።

«እህስ?» አለ ታውኖ እጁን ከቁልፎቹ አንስቶ።

ኢርሜሊ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ደህና ናት። ወደኔ ትንሽ ጠጋ ብላለች።»

«ወደማን? ወደኔ ነው እንጂ ጠጋ ያለችው!»

«አንተ ደግሞ! እዚህ ከመሪው ጎን ናት እኮ!»

ታውኖ ነገሩ ገብቶታል። ሁለቱም ስፒከሮች እኩል ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀርበው ከጎኑ ያለው ነው፤ ስለዚህ እሱም ልክ ነው፣ እሷም ልክ ናት። ይህን በሁለት ቃል ሊያስረዳት ይችል ነበር። አላስረዳትም።

«ወደኔ ናት» አለ።

«ወደኔ ናት አልኩህ፣ ምን ዓይነት ችኮ ነህ!» አለችና ሞተሩን አስነሳች።

ሐይቁ እስኪደርሱ ድረስ ሲከራከሩ ሄዱ። ከጥር ወዲህ ታውኖ ያን ያህል አውርቶ አያውቅም።