ባለመኪናው ቃል ያጣ ቀን

እትዬ ጥሩነሽ ፍላሻቸውን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ባንኮኒው ላይ አኖሩና፣ "እስክዬ፣ የልጄን የዜማን ነገር ሰማሽ?" አሉ። ፊታቸው ደስታም እፍረትም ይዟል። "አንሙት ሽማግሌ ላከብን። እኛም እሺ አልን። ቀለበቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።"

እስከዳር ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች።

"ቅር አይልሽም አይደል?" አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያንቺስ ሳይሆን ቀረ። እንዲያ የሚወድሽን ሰው ገፋሽው፤ ምን ይደረግ፣ ዕድሉ የዜማ ሆነ።"

"እግዜር ያሳምረው፣ እትዬ" አለች እስከዳር። ያሳምረው ያለችው በአፏ ብቻ ነው። የሆዷን ብታወጣው ኖሮ የሙራድ ሱቅ በእሳት በተያያዘ።

የሙራድ ሱቅ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ያለች፣ ስልክ የሚጠገንባት፣ ፊልም በፍላሽ የሚጫንባት ጠባብ ሱቅ ናት። ከኋላዋ በብርድ ልብስ የተጋረደች ጓዳ አለች። እስከዳር እዚያ ተቀምጣ የኮሪያ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ ትተረጉማለች። ኮሪያኛ አታውቅም፤ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበች የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የአማቲቱንም ድምፅ ብቻዋን ታወጣለች። ከአምበርም ከደምበጫም ገበያ የወጣ ሁሉ የእሷን ድምፅ በፍላሽ ይዞ ይገባል። ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ስትል ዞረው "ውይ፣ የኮሪያዋ!" የሚሏት ሴቶች አሉ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ፣ የአንሙት የቆርቆሮና የሲሚንቶ መደብር አለ። በየቀኑ ታየዋለች፤ በየቀኑም ትረግመዋለች።

ደግሞስ ለምን አትረግመው? አጭቷት ሳለ እንዲህ ያለውን ፊልም አብረው ያዩ ነበር። ሀብታሙ ልጅ ልጅቷን የእጇን አንጓ ጨምድዶ እየጎተተ መኪናው ውስጥ ሲከታት፣ አንሙት "ፍቅር ማለት ይሄ ነው" ይላል። እሷም፣ ጅሊት፣ ልክ ነህ ትላለች። ከዚያ ተራው የእሷ አንጓ ሆነ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ለምን ሳቅሽ ብሎ ገበያ መሀል፣ ሰው እያየ፣ እየጎተተ ወሰዳት። እጇ አበጠ። ለእናቷ "በር ነው የመታኝ" አለቻቸው። ስልኳን ቀምቶ ለደወለ ሁሉ "ማን ነህ?" ማለት ጀመረ። በኋላም እንግሊዝኛ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ ተማሪ ፊት የክፍሉን በር እየደበደበ፣ ከወንድ መምህራን ጋር ምን ትሠሪያለሽ አላት። ባለቤቶቹ ረብሻ አንፈልግም ብለው አሰናበቷት። ረባሹን ሳይሆን እሷን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላታል፤ "ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?"

ቀለበቱን ስትመልስለት ደግሞ ደጃፏ ላይ በዝናብ ቆመ። ልክ እንደ ፊልሙ፤ ጥላ ሳይዝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እስኪበሰብስ ድረስ። ጎረቤቱ በየመስኮቱ አለቀሰለት። "እንዴት ያለ አፍቃሪ ነው፤ እሷ ግን ልቧ ድንጋይ ነው" ተባለ። ያን ቀን ወጥታ "እጄን ልቀቅ" ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ገበያ መሀል ያላለችውን። ሰው ሁሉ እያዘነለት ምን ብላ ትውጣ? ሳትለው ቀረች።

እትዬ ጥሩነሽ ከወጡ በኋላ እስከዳር ጓዳዋ ገብታ አዲስ የመጣውን ተከታታይ ፊልም ከፈተች። ሱሚ የምትባል ድሃ ልጅ አለች። ጥቁር መኪና ያለው፣ ሲያዩት የሚያፈዝ ቆንጆ አለ፤ ሴቶቹ ወዲያው ባለመኪናው ያሉት እሱን ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ አለ፤ ሱሚን "ልሸኝሽ ወይስ ብቻሽን መሄድ ትፈልጊያለሽ?" ብሎ የሚጠይቅ፣ ብቻዬን ስትል ደህና ዋይ ብሎ ወደ ዳቦ መጋገሩ የሚመለስ።

እስከዳር ዜማን ላድናት ነው ብላ ራሷን አልሸነገለችም። ዜማን ከሰላምታ ያለፈ አታውቃትም። የፈለገችው አንሙትን ማዋረድ ነው፤ እሷ በተዋረደችበት ከተማ፣ በእሷው አፍ፣ በራሱ ቃል። እናም እንግሊዝኛው "ናፍቀሽኝ ነበር" ሲል እሷ በባለመኪናው ድምፅ "የት ነበርሽ? ከማን ጋር? ስልክሽን ወዲህ በይ" አለች። "ተጠንቀቂ" ሲል "ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?" አለች። አንሙት ያላትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ባለመኪናው አፍ ውስጥ ጨመረችው።

ቅዳሜ ገበያ ሆነና ሴቶቹ መጡ። እስከዳር ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ሥራነሽ ደረቷን ይዛ፣ "ወይ ፍቅር! እንዲህ የሚቀናልኝ ባገኝ" አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። "ዳቦ ጋጋሪውስ? ፈዛዛ ነገር። አንድ ቀን እንኳ እጇን አይዛትም።" እትዬ ጥሩነሽ ጭራሽ፣ "ቁርጥ የኛን ልጅ" ብለው ወደ ማዶው መደብር እያዩ ፈገግ አሉ።

ይባስ ብሎ አንሙት ራሱ ወደደው። ሙራድ በሱቁ በር ላይ የሰቀለው ስክሪን ድምፁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። አንሙት ሲሚንቶ እያስጫነ አንገቱን አዘንብሎ ሰምቶ፣ "ወንድ ማለት ይሄ ነው" አለ አሉ። የገዛ ቃሉን አላወቀውም። እስከዳር ይህን ስትሰማ እርር ድብን አለች። ያን ዕለት ምሳም አልበላችም።

ጥፋቱ የት እንደሆነ የገባት ፊልሙን መልሳ ስታየው ነው። ባለመኪናው እጅ ሲጨመድድ ሙዚቃው ይለሰልሳል፤ ካሜራው የእሱን ዓይን ያሳያል። የሱሚን እጅ የሚያይ የለም። ሱሚ ዝም ነው የምትለው። እሷም ያኔ ዝም እንዳለች ሁሉ።

ከዚያ በኋላ እስከዳር ሱሚን ዝም አላሰኘቻትም። እጇ ሲያዝ፣ በዚያ ለስላሳ ሙዚቃ ላይ፣ በሱሚ ድምፅ "እጄን ልቀቅ" ትላለች። ሱሚ ቤቷ ደጃፍ ላይ ለጎረቤቷ ሰላምታ ስትሰጥ፣ እንግሊዝኛው "ደህና አመሸሽ?" ሲል፣ እሷ "እጄ አብጧል፤ እናቴ ስትጠይቀኝ በር ነው የመታኝ ልላት ነው" ትላለች። ባለመኪናው ዝናብ ውስጥ ሲቆም፣ "ቆሞ የሚያስለቅሰው ጎረቤቱን ነው፤ ነገ የምጎተተው ግን እኔ ነኝ" ትላለች። ሙራድ አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጦ፣ "እስከዳር፣ ይሄ ሁሉ እንግሊዝኛው ላይ አለ?" አላት።

"የለም" አለችው። ሙራድ መጋረጃውን መለሰው።

የሁዳዴ ጾም እየገፋ ሲሄድ የሴቶቹ ወሬ ተለወጠ። ሥራነሽ ባለመኪናውን "ይሄ ጨምዳጅ" ትለው ጀመር። የዳቦ ጋጋሪውን ፈዛዛነት ያነሳ ሰው ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ዜማ ከእናቷ ጋር ገበያ መጥታ ሱቁ በር ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ስታይ ዋለች። ነጠላዋን እጇ ላይ ጠቅልላለች። ወደ እስከዳር ጠጋ ብላ በዝግታ፣ "ዳቦ ጋጋሪው ግን ምን አጠፋ?" ብላ ጠየቀቻት።

እስከዳር ሳትመልስ ሙራድ ቀደማት። "ጥፋቱማ ዳቦው ቶሎ መድረቁ ነው" አለ። ዜማ ሳቀች።

አንሙት ከማዶ አይቷታል። መንገዱን ተሻግሮ መጣና ያንኑ የተጠቀለለ እጇን አንጓው ላይ ጨመደደው። "ከማን ጋር ነው የምትስቂው? ነይ ወደዚህ።"

"እናቴን እየጠበቅኩ ነው" አለች ዜማ።

"ለአንቺ ብዬ እኮ ነው" አለ አንሙት።

"ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?" ብላ ጨረሰችለት ሥራነሽ፣ ልክ እንደ ባለመኪናው ድምፅ አጎርንና። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንሙትም መጀመሪያ በፊልሙ የሳቁ መስሎት አብሯቸው ፈገግ አለ። ነጠላው ግን ከዜማ እጅ ላይ ተንሸራትቷል። አንጓዋ አብጧል፤ ጠቁሯል።

እትዬ ጥሩነሽ ሽንኩርታቸውን መሬት አስቀመጡ። "እጅሽ ምን ሆነ?"

"በር ነ..." ብላ ዜማ ቃሉን ዋጠችው።

ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይህን ቃል ከማን አፍ እንደሰሙት ሁሉም ያውቃሉ። አንሙት እጇን ለቀቀና፣ "ምን ታፈጣላችሁ?" እያለ ወደ መደብሩ ተመለሰ። እስከዳር ባንኮኒውን ይዛ ቆማ ቀረች። እስካሁን የነበራት ቂም የራሷ ነበር፤ አሁን በላዩ የዜማ ተጨመረበት።

እትዬ ጥሩነሽ ለአንሙት ወገኖች የላኩት መልእክት ከተማውን ሁሉ አሳቀ። "ቀለበቱ ይሁን አይሁን የፊልሙን መጨረሻ አይቼ እነግራችኋለሁ፤ ያ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም" አሉ። እስከዳር ግን አልሳቀችም። መጨረሻውን አይታዋለች። ሱሚ ይቅር ትለዋለች፤ በነጭ ቀሚስ ታገባዋለች።

ይህንኑ አንሙትም ከኢንተርኔት አይቶ ኖሯል። በሰሞነ ሕማማት መሪጌታ አምደሚካኤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ቅኔና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተማሩ፣ ከተማው የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። ሰሞኑ ሕማማት ነውና እስከዳር ጉልበት አልሳመችም፤ እጅ ነሥታ ወንበር አቀረበች።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ። "ልጁ መንገድ መሄድ አቃተው። ባለመኪናው እያሉ ይጠሩታል። በፊልሙ ላይ ከራስሽ ትጨምሪያለሽ ይባላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ መሪጌታ።"

"እንግዲህ መጨረሻው ዕርቅና ሠርግ ነው ብለውናል። አንቺ ያለውን ብቻ ተርጉሚ። ከራስሽ አንዲት ቃል በባለመኪናው አፍ አትጨምሪ። በዚህ ሰሞን ቂም ይዘሽ ልትሰግጂ ነው?"

"ያደረገኝን ያውቃሉ?" አለች እስከዳር።

ለመሪጌታ በዝናብ መቆሙን እንጂ የክፍሉን በር መደብደቡን የነገራቸው የለም። ሽማግሌ ግን ቆሟል፤ ቆሞ የለመነን ሽማግሌ አሳፍሮ መመለስ በእሷ አገር የለም። ጥርሷን ነከሰች።

"እሺ" አለች። "ከእንግዲህ በአፉ አንዲት ቃል አልጨምርም።" መረቁና ተቀመጡ።

ቀለበቱ ነገ ሊሆን፣ የፋሲካው ሳምንት ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ክፍል በሙራድ ስክሪን ላይ ወጣ። ሰዉ በሩን ሞልቶ መንገዱን ዘጋ። እትዬ ጥሩነሽና ዜማ ከፊት ናቸው። አንሙት አዲስ ኮቱን ለብሶ መደብሩ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ መሪጌታ አጠገቡ ናቸው። እስከዳር ይህን ክፍል ማይክ ፊት ሆና በቀጥታ ልትተረጉም ነው፤ መጋረጃዋን ከፈት አድርጋ ከጓዳዋ ሁሉንም ታያለች።

ሙዚቃው ለሰለሰ። ሱሚ በነጭ ቀሚስ መጣች። ባለመኪናው አንጓዋን ያዘና አፉን ከፈተ። የወጣው ኮሪያኛ ነው። እስከዳር አልተረጎመችም። እሱ ይለምናል፤ ያለቅሳል፤ ይምላል፤ እሷ ለሽማግሌ ቃል ገብታለችና አንዲት ቃል በአፉ አልጨመረችም። ሱሚንም ዝም አሰኘቻት።

ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገባው። "ድምፁ ተበላሸ እንዴ?" አለ አንዱ። ከዚያ ሥራነሽ ከመሀል አጎርንና፣ "ለአንቺ ብዬ እኮ ነው" አለችለት። ከጎኗ ያለችው "ስልክሽን ወዲህ በይ" አለች። ሌላዋ "ከማን ጋር ነው የምትስቂው?" አለች። ባለመኪናው ከንፈሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር የገበያው ሴት ሁሉ የአንሙትን ቃል በአፉ ታጎርሰው ጀመር፤ ሲሚንቶ የሚጭኑት ወዛደሮች ሳይቀሩ። አንሙት ከወንበሩ ተነሳ። የገዛ ቃሉን ያወቀው ገና አሁን ነው፤ ደም ከፊቱ ሸሸ። ወደ መሪጌታ ዞሮ፣ "ቃል ገብታ አልነበር?" አለ።

መሪጌታ ጭራቸውን አራገቡ። "አልጨመረችም እኮ" አሉ።

እስከዳር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከዚህ በኋላ ሰው ቢወቅሳትም ቢተዋትም ግድ አልነበራትም። ስክሪኑ ላይ ባለመኪናው እንደገና የሱሚን እጅ ያዘ፤ ሴቶቹም ሁሉ ዝም አሉ፤ የሱሚ ተራ ነውና። እስከዳር ማይኩ ፊት ሆና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም፤ ይህንንም ለሴቶቹ ተወችው።

ዜማ ከእናቷ ጎን ተነሳች። ፊቷን ከስክሪኑ አዙራ ወደ መንገዱ ማዶ፣ አዲሱን ኮት ወደለበሰው ሰው፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ፣ "እጄን ልቀቅ" አለች።

አንሙት ወደ ውስጥ ገባና የመደብሩን የላሜራ በር ከውስጥ ወደ ታች ሳበው።