ከንፈር የማይታይበት ክሊፕ

የክሊፕ ስታይል ስንት ነው ብትሉኝ ቁጭ አድርጌ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። ዘፋኙ ግድግዳ ተደግፎ የሚዘፍንበት አለ። ታሪክ ያለው አለ፤ ሁለት ሰዎች ተኳርፈው መጨረሻው አዝማች ላይ የሚታረቁበት፣ ለምን እንደተኳረፉ ግን ማንም የማያውቀው። ሃምሳ ተወዛዋዥ ዘፋኙን የሚሸፍንበት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ መሸፈኑም ለዘፋኙ ይሻለዋል። ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ የሚቀረጽም አለ። እሱን አልወደውም፣ ሥራ ያስፈታኛል። ኤዲተር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ምስል ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬያለሁ።

ታናሽ እህቴ ዘፋኝ ናት። ባሏ ዳይሬክተር ነው፤ አሥር ጊዜ አስደግሞም ስለማይጠግብ የቀረጻ ሰዎች «አንዴ እንደገና» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ይቀርጻል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ሰው «የቤተሰብ ፋብሪካ» እያለ ይቀልድብን ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

በዚህ ሥራ ካሜራው የቀዳውን ድምፅ የሚሰማ የለም። ቀረጻ ላይ ዘፈኑ በትልቅ ስፒከር ይለቀቃል፣ ዘፋኟ አፏን እያገጣጠመች ትዘፍናለች። እኔ ጋ ሲደርስ ስቱዲዮ የተቀዳውን ዘፈን ደርቤ የካሜራውን ድምፅ እዘጋዋለሁ። ጩኸት ብቻ ነው። ከዚያ ከንፈሯ ከግጥሙ ጋር ያልገጠመበትን ቦታ ደቂቃና ሴኮንዱን ጽፌ ለዳይሬክተሩ እልካለሁ፤ እሱም ቦታውን ከፍቶ ያያል። በዚህ ዝርዝር እታወቃለሁ። ግማሽ ሴኮንድ አታመልጠኝም።

ባለፈው ወር የመጣልኝ ጥሬ ምስል እህቴ ግድግዳ ተደግፋ የምትዘፍንበት ነበር። ከስታለች። ክሊፕ ሲደርስ የማይከሳ ዘፋኝ የለም ብዬ አለፍኩት። ያናደደኝ ከንፈሯ ነው። እህቴ በገዛ ዘፈኗ ተሳስታ አታውቅም፤ እዚህ ላይ ግን ፊቷ በቅርብ በተቀረጸበት ቦታ ሌላ ነገር ነው የምትለው። ሰባት ቦታ። «ምን ነካት ይቺ ልጅ፣ ግጥሙ ጠፋባት እንዴ» እያልኩ ሰባቱንም ጽፌ ላክሁለት። ከሥር «ሚስትህን ግጥም አስጠናት» ብዬ ቀልድ ጨመርኩበት።

ዝርዝር በላክሁ በሰዓቱ የሚደውል ሰው፣ ሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ። በአራተኛው ደወለ።

«ዋርሳዬ፣ ዝርዝርሽ ደርሶኛል። ስታይሉን ቀይሬዋለሁ» አለኝ።

«ወደ ምን?»

«ከንፈር የማይታይበት ይሁን። ጀርባዋ፣ እጇ፣ ጥላዋ። ካለው ውስጥ ምረጪ። በቅርብ የተቀረጸውን ግን እንዳለ አጥፊው።»

«እሷስ ተስማማች? ስልኳ እኮ አይነሳም።»

«ትንሽ አሟት ተኝታለች። አታስቢ።»

እኔም አላሰብኩም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና አዲሱን ስታይል ወደድኩት። ጀርባዋን ከመጋረጃው፣ ጥላዋን ከግድግዳው እያገጣጠምኩ ስሠራ ሥራው ራሱ ይዞኝ ጠፋ። ምሳ ሳልበላ የዋልኩበት ቀን ነበር። አንድም ቀን ግን ተነስቼ ቤቷ አልሄድኩም።

ትናንት ጠዋት የሌላ ዘፈን ጥሬ ምስል መጣ። ከፈትኩት። ቤታቸው ነው። ካሜራው ሳሎኑን፣ ኮሪደሩን፣ መኝታ ቤቱን በዝግታ እየዞረ ያሳያል። አልጋው ተነጥፏል። የቁም ሳጥኑ በር ክፍት ነው፤ በእሷ በኩል ማንጠልጠያዎቹ ባዷቸውን ተሰቅለዋል። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው አይታይም። ከምስሉ ጋር አጭር መልእክት ልኮልኛል፦ «ይሄኛው ዘፋኟ የሌለችበት ስታይል ነው።»

ደጋግሜ እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ያኔ በአሥራ አንድ ዓመት አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግሁ። አጥፊው ያለኝን ምስል አላጠፋሁትም ነበር፤ ጥሬ ምስል ማጥፋት ነፍሴ አትወድም። ከፈትኩት፣ የስቱዲዮውን ዘፈን ዘጋሁ፣ የካሜራውን ድምፅ ለቀቅሁ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ።

ስፒከሩ ይጮሃል። ባሏ ከኋላ ሆኖ መብራት ስለማስተካከል ያወራል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር፣ እህቴ ካሜራው ሥር ተጠግታ፣ የምትዘፍን እንዲመስል ፈገግ ብላ፣ ታወራኛለች።

«እታለም፣ ይሄን ቁጭ ብለሽ የምታይው አንቺ ብቻ ነሽ። ስልኬን ወስዶብኛል።» አንድ ስንኝ ዘፈነችና ተመለሰች። «በሩን ከውጭ ነው የሚቆልፈው። መጥተሽ ውሰጂኝ። ለሱ ግን ምንም እንዳትይው። ካወቀ ይገድለኛል።»

ሰባት ቦታ። ሰባቱንም በደቂቃና በሴኮንድ ለይቼ የላክሁለት እኔ ነኝ። ጆሮውን የት የት ላይ እንደሚጥል እኔ ነገርኩት።

ደወልኩለት። አንዴ ጠርቶ አነሳው።

«እህቴ የት ናት?»

«ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ» አለኝ፣ ስለ ሥራ እንደምናወራ ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ። «እዚያ ጋ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ያላንቺ ልብ አልለውም ነበር፣ ዋርሳዬ።» ዘጋው።

ሃርድ ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ። ተረኛው ፖሊስ ሰምቶኝ ሲያበቃ ወዲያው ሁለት ሰው ወደ ቤቱ ላከ። ከዚያ ቅጽ አውጥቶ ዕድሜዋን፣ ቁመቷን፣ የፀጉሯን ዓይነት ጠየቀኝ። ሁሉንም ሳላቅማማ መለስኩ። እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት መቼ ነው?»

ወሩን ሙሉ በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጬ ፊቷን እያጎላሁ፣ ከንፈሯን በግማሽ ሴኮንድ እየለካሁ፣ ከዚያም ጀርባዋንና ጥላዋን እያገጣጠምኩ ነው የከረምኩት።

«አላየኋትም» አልኩት።