የይመኙሻል ረጅም ፆም

፩

«ልብስሽን ፈታ አድርጊና አልጋው ላይ ውጪ» አለ ዶክተሩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።


፪ ክፍሉ ውስጥ ያሉት

ሁለት ሴቶች ናቸው። አልጋው ላይ ውጪ የተባለችው እታገኝ ናት፤ ካገባች ዓመት ያልሞላት፣ ጉንፋን እንኳ የማይደፍራት ሙሽራ። ከጎኗ ነጠላዋን እስከ አፏ የሳበችው አማቷ ይመኙሻል ናት። በሽታው የአማቲቱ ነው። ታመምኩ ብላ የቀረበችው ምራቲቱ ናት።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን አትሳቅ። ቆይተህ ትስቃለህ፤ ወይም ይቀርብሃል።


፫ በሽታው

የመጨረሻ ልጇን ወልዳ ገና አራስ ሳለች ይመኙሻል የውሃ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ወጣች። ከታች የሆነ ነገር ተንሸራቶ ሲወርድ ተሰማት። ስትተኛ ይመለሳል፤ ስትቆም ይወጣል። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ከዓመት ዓመት ባሰ። በጨርቅ ደግፋ አሰረችው። ያ ልጅ አድጎ እታገኝን አግብቷል። እስከዚያ ድረስ ለማንም አልተነፈሰችም።


፬ ፆሙ

ለባሏ ለቢያድግልኝ ምን ትበለው? ያየ ለት የሚጸየፋት መሰላት። ሲብስባት ደግነቱ ዐቢይ ፆም ገባ። በፆም ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉና መደቡ ላይ አነጠፈች። ፆሙ ሲፈታ የሐዋርያትን ቀጠለች። ከዚያ ፍልሰታን። ከዚያ ጽጌን። ከዚያ ነቢያትን። በመሃል ክፍተት ሲገኝ ስለት ተሳለች።

ፆም።

ፆም።

ፆም።

«ይመኙሻል እኮ ቆብ ሳትጭን መነኮሰች!» አለ ጎረቤቱ። ሲያመሰግኗት አንገቷን ትደፋለች፤ እነሱም ትሕትና ነው ብለው ጨምረው ያመሰግኗታል። በእኔ በተራኪው ዓይን ግን፣ እግዜርን መደበቂያ ያደረገ ሰው ከማንም በላይ ያሳዝናል።


፭ ቢያድግልኝ

ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ታግሶ ታግሶ ዘንድሮ ለነፍስ አባታቸው ነገረ። ቄሱም መጥተው፣ «ልጄ፣ ባል ያልተስማማበት ፆም አይሆንም። ከፋሲካ ወዲያ ወደ ባልሽ አልጋ ተመለሺ» ብለው በመስቀላቸው ባረኳት።

ቢያድግልኝ አዲስ ብርድ ልብስ ገዛ። ብርድ ልብሱን ስታይ ይመኙሻል ጓሮ ሄዳ አለቀሰች።

የፊታችን እሁድ ፋሲካ ነው።


፮ ምክሩ

ጨርቁን ስታጥብ የደረሰችባት እታገኝ ናት።

«እትዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሞቼ ነው ልጄን የሚያክል ወንድ ፊት ይህን የማወራው!»

«እንግዲያው እኔ ልታመም። እርስዎ አስታማሚ ይሁኑ። ክኒኑን ተቀብለን እንመጣለን።»

ክኒን መስሏቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው፤ በሰው አፍ ስላስነገረ ግን ምንም አላለም።

ቢያድግልኝም «ምራቴ ታማ ቤት አልቀመጥም» ብሎ ተከተላቸው። አሁን ከኮምፔንሳቶው በር ወዲያ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።


፯ ክፍሉ ውስጥ የተባለው፣ እንዳለ

ዶክተር፦ ምንሽን ነው ያመመሽ?

እታገኝ፦ ከታች… የሚወጣ ነገር አለ።

ዶክተር፦ መቼ ጀመረሽ?

ይመኙሻል፦ ከመጨረሻው ልጅ ወዲህ ነው።

ዶክተር፦ ስንት ወልደሻል?

እታገኝ፦ ኧረ እኔ ገና አልወለድኩም!

(ዶክተሩ ቀና ብሎ ሁለቱንም አየ።)

ይመኙሻል፦ ጨንግፎባት ነው።

እታገኝ፦ እትዬ!

ዶክተር፦ ከባልሽ ጋር ስትገናኙስ ያምሻል?

እታገኝ፦ (ፊቷን በእጇ ሸፍና) አያመኝም…

ይመኙሻል፦ ያማታል። አትገናኝም። እንዴት ትገናኝ? ስትቀመጥ ያማታል፤ ስትስቅ ሽንቷ ያመልጣታል። ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆም አቅቷት ግንብ ትደገፋለች፤ ሰው ተመስጣ ይመስለዋል። ባሏ ከማዶ ሲገላበጥ ትሰማዋለች። ናፍቋት እኮ ነው! ግን ይሸተዋል ብላ ግድግዳውን ታቅፋ ታድራለች።

ዶክተሩ መጻፉን ተወ።

ዶክተር፦ ማህፀን ሲወርድ የሚመጣ ነው። ብዙ እናቶች ይዘውት ይመጣሉ። ይታከማል። ደግፎ የሚይዝ እንደ ቀለበት ያለ ነገር አለ፤ ካስፈለገም በኦፕራሲዮን ይስተካከላል። ሳላይ ግን ምንም ማድረግ አልችልም።

የሚናገረው ለእታገኝ ነው፤ ዓይኑ ግን ይመኙሻል ላይ ነበር። ከዚያ ቁጥር ፩ ላይ ያነበብከውን አለ።


፰

የሚንቀሳቀስ ሲያጣ፣ «እጄን ታጥቤ፣ ነርሷን ይዤ እመለሳለሁ። የታመመችው አልጋው ላይ ትጠብቀኝ» ብሎ ወጣ።

እታገኝ መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

«ምን ልታሳዪው ነው፣ አንቺ እብድ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አፌን አዋስኩዎት። ገላዬን ላውስዎት ብልስ ምን ይፈይድልዎታል?»

ከበሩ ወዲያ የቢያድግልኝ ድምፅ መጣ። ነርሷን ነው የሚያናግረው። «ልጅቷ ትድናለች አይደል? ባለቤቴ እየጸለየችላት ነው። የሷን ጸሎት እግዜር ይሰማል።»

ይመኙሻል ዓይኗን ጨፈነች። ያፈረችው ዶክተሩን ሳይሆን ከበሩ ወዲያ ያለውን ነበር፤ ይኸው አሁን ገባት።

ጫማዋን አወለቀች።


፱ እንደገና

ዶክተሩ ነርሷን ይዞ ተመለሰ። አልጋው ላይ የወጣችውን አየ፤ አልገረመውም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ ገና አሁን እንደተገናኙ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ዶክተር፦ እናቴ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?

በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። እታገኝ ልትዘጋው ተነሳች።

«ተይው» አለች ይመኙሻል። ነጠላውንም ከአፏ ላይ አወረደችው።

ይመኙሻል፦ እኔ ነኝ የታመምኩት።


፲

ይህን ቁጥር ለቢያድግልኝ ትቼለታለሁ፤ በሩ ክፍት ነው።