እማማ ፈትለወርቅ በዜና ያነበቡት

እማማ ፈትለወርቅ ስልሳ ዓመት ሙሉ ፊደል ሳይቆጥሩ ኖረው፣ አንድ ማክሰኞ ማታ በቴሌቪዥን ዜና ላይ አንባቢ ሆነው ቁጭ አሉ። ጉድ እኮ ነው! እሳቸውንም ገርሟቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን ሰዎች የመሠረተ ትምህርቱን ክፍል ሊቀርጹ ወደ ቀበሌው አዳራሽ መጡ። የክፍሉ ጎበዝ አንባቢ ያን ዕለት አሟት ቀርታለች። አስተማሪው አካሉ፣ ኮተቤ መምህርነት የሚማር ቀልጣፋ ጎረምሳ፣ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። መጨረሻ ላይ ዓይኑ እማማ ፈትለወርቅ ላይ አረፈ። ሀን ከለ ገና አልለዩም፤ ነጠላቸው ግን ፀዓዳ፣ ግርማቸው የሚያስፈራ ነው። መጽሐፍ አስያዛቸውና፣ “እማማ፣ ከንፈርዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ ድምፅዎ አይሰማም” አላቸው።

ከንፈር ማንቀሳቀስ ከሆነማ እሳቸውን ማን ያህላቸዋል! የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ዳገት ሲወጡ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የሚያንበለብሉ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ገጹ ላይ ተክለው ያንኑ ውዳሴ ደገሙት። ማታ ታዲያ ዜና አንባቢው፣ “እኚህ እናት ስለ እርሻ ምርት ዕድገት ሲያነቡ” ብሎ እርፍ። እመቤታችን ይቅር ትበለው!

ዜናውን ያዩት ጎረቤታቸው ኩልሱም ቤት ነው። ባሏ ሳልህ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ የሰፈሩን ብቸኛ ቴሌቪዥን ያመጣው እሱ ነው። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። “በቃ፣ መንግሥት መሰከረላቸው!” አለ አንዱ። እማማ ፈትለወርቅ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ምን ያድርጉ፣ ደስ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያን ያህል ሰው በአድናቆት አይቷቸው አያውቅም።

በሳምንቱ ኩልሱም እያለከለከች ገባች። ሕፃን ልጇ ነጅመዲን ትከሻዋ ላይ ተዘርግቷል፤ ሰውነቱ እሳት ሆኗል። በእጇ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛለች።

“እማማ፣ ሳልህ መንገድ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ አሰጣጡን ነግረውኝ ነበር፤ ልጁ እየጮኸ ምኑንም አልሰማሁ። ጠርሙሱ ላይ ጽፈውታል አሉ። በአላህ ያንብቡልኝ!”

እማማ ጠርሙሱን ተቀበሉ። ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። ጧት አንድ ፍንጃል፣ ማታ አንድ ፍንጃል ቢሉስ? መድኃኒት መቼም ከዚህ አያልፍም። ያ ሁሉ ክብር በአንድ ጠርሙስ ሊናድ ነው እንዴ? ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ሳለ ሕፃኑ አቃሰተ።

“ኩልሱም ልጄ፣ እኔ አላነብም።”

“እንዴ! በዜና ላይ…”

“ዜናው ውሸት ነው! እኔም ውሸታም ነኝ! ያየሽው ጸሎት ነው። በይ ልጁን ስጪኝ፣ አካሉ ጋ እንሩጥ!”

በዚያ ዘመን የመንግሥትን ዜና ውሸት ነው ማለት ያሳስር ነበር። እሳቸው ግን በሩን እንኳ አልዘጉትም።

አካሉን ደጁ ላይ ልብስ ሲያጥብ አገኙት። እጁን በሱሪው ጠርጎ ጠርሙሱን ተቀበለ። “በቀን ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ” ብሎ አነበበ።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ! እማማ ፈትለወርቅ ሊሉት የነበረውን ፍንጃል ሲያስቡት ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ።

“አንተ ቀጣፊ! ከንፈሬን አስነቅንቀህ ልጅ ልታስፈጀኝ!” አሉት። አካሉ አንገቱን ደፋ። “ነገ ከፊት ነው የምቀመጠው። ፊደሉን ሳታስቆጥረኝ ብትቀር ወዮልህ!”

አካሉ ሮጦ ማንኪያ አመጣ። ነጅመዲን መድኃኒቱን ፊቱን እያጨማደደ ዋጠ። እማማ ፈትለወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ኩልሱምዬ፣ ይቅር በይኝ። ዜናውን አምነሽ ነው የመጣሽው።”

“የምን ዜና?” አለች ኩልሱም ልጇን እያባበለች። “ያ ሳጥን ስንቴ ጤፍ በሽ በሽ ነው ብሎኝ ገበያ ወጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመልሻለሁ! እኔ ያመንኩት እርስዎን ነው።”

እማማ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አለቀሱ።